የእትዬ አስካለ ኩሬ

እትዬ አስካለ መሞታቸውን የሰማሁት ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ነው። የነገረኝ የወንድማቸው ልጅ ነው። እሱ አላወቀኝም፤ እኔ ነኝ በመልኩ የለየሁት። አገጩና አቋቋሙ የሳቸው ነበር። ጠጋ ብዬ የእትዬ አስካለ ዘመድ እንደሆነ ብጠይቀው፣ ከሞቱ ሁለት ወር እንዳለፋቸው፣ አገራቸው ዝዋይ፣ ደሴቱ ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን እንደተቀበሩ ነገረኝ። ከዚያ በምን እንደማውቃቸው ጠየቀኝ።

«ጎረቤት ነበርን» አልኩት።

«እንግዲያው ኩሬውን ያውቁታላ!» አለኝ ፊቱ በርቶ። እስኪሞቱ ድረስ ቤተሰቡን ስለዚያ ኩሬ ያጫውቱ ነበር።

አውቀዋለሁ አልኩና፣ ቸኩያለሁ ብዬ ተለየሁት። የምቸኩልበት ጉዳይ አልነበረኝም። ጡረታ የወጣ ሰው ወዴት ይቸኩላል? ያን ቀን ለልጁ ያልነገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

ያኔ ሰፈራችን ካዛንቺስ አይባልም ነበር። ስሙን ያመጡት ጣሊያኖች ለመንግሥታቸው ሠራተኞች የሠሯቸው ቤቶች ናቸው። ከዚያ በፊት ቁልቁል ወደ ቀበና ወንዝ የሚወርድ፣ ባሕር ዛፍ የበዛበት፣ ሁሉም በየአጥሩ የሚኖርበት መንደር ነበር። የእትዬ አስካለ ግቢ ከኔ ግቢ በአንድ የቁልቋል አጥር ይዋሰናል። ባላቸው ጋሽ ወልዴ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። በወጣትነታቸው ዝዋይ ቤተ ክርስቲያን ሊሠሩ ሄደው፣ ሥራው ሲያልቅ እትዬ አስካለን አግብተው ይዘዋቸው መጡ። ልጅ አልወለዱም።

እትዬ ሰው ሲያናግራቸው ቶሎ አይመልሱም ነበር። መጀመሪያ እጃቸውን አገላብጠው ያያሉ። ቀጥሎ የሚመጣው መልስ አጭር ነው፤ ያችን መልስ ደግሞ መልሶ የሚያስቀይራቸው ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ኩራተኛ ናት ይሏቸው ነበር። እኔ ግን ኩራት አልመሰለኝም። ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ቃሉን የሚያወጣው እንደ መረብ ጎታች ቀስ ብሎ ነው እያልኩ አስብ ነበር።

ጣሊያን በገባ በዓመቱ፣ በየካቲት፣ ከተማው ሦስት ቀን ሙሉ ሲታረድና ሲቃጠል ጋሽ ወልዴ በራፋቸው ላይ በአካፋ ተመትተው ሞቱ። ጥቁር ሸሚዞቹ ቤቱን ቤንዚን አርከፍክፈው ለኮሱት። እትዬ ያን ሰሞን ቂርቆስ አንዲት ወዳጃቸው ዘንድ ሄደው ስለነበር ተረፉ። እኔ ቀበና ገደል ውስጥ ተደብቄ ነው የተረፍኩት። ስመለስ ከሳቸው ግቢ የቀረው ማድቤቱና የውሃ ጉድጓዱ ብቻ ነበር። የቦታው ወረቀትም ከቤቱ ጋር ነዷል።

አርባው ከወጣ በኋላ የተረፍነው ጎረቤቶች ተሰብስበን ጎጆ እናቁምልዎ አልናቸው። ማድቤቱ ይበቃኛል አሉ። በማግስቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ቤቱ የነበረበትን አመድ ጠርገው፣ እዚያው ላይ መቆፈር ጀመሩ። አንዱ መቃብር ነው የምትቆፍረው አለ። ሌላው ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጣ አለ። ሦስት ቀን በአጥር ካየሁ በኋላ ዶማዬን ይዤ ገባሁና ምን እየሠሩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

እጃቸውን አዩ። «ኩሬ ነው» አሉኝ። «ቤት ብሠራ መልሰው ያቃጥሉታል። ውሃ አይቃጠልም።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም። አብሬያቸው ቆፈርኩ።

ኩሬው ርዝመቱ ስድስት እርምጃ፣ ወርዱ አራት እርምጃ ነበር። መሐሉን እስከ ደረት አወረድነው፤ ዓሣ ብርድ ሲመጣበት የሚሸሽበት ጥልቀት ያስፈልገዋል አሉኝ። በፀሐይ መውጫ በኩል ያለውን ጠርዝ ግን ከቁርጭምጭሚት እንዳያልፍ አደረግነው፤ ይኸ ደግሞ የሚሞቅበት ነው። ከጉድጓዱ እየቀዳን ሞልተነው አደርን፤ ጠዋት ስንነሳ ባዶ ነበር። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ። እትዬ ከሸክላ ሠሪዎቹ ጋር ተነጋግረው ከቀበና ዳር የማሰሮ ጭቃ ያስመጡ ጀመር፤ ግማሹን በጀርባቸው ራሳቸው ተሸከሙት። ያንን ጭቃ ከታች እስከ ላይ እያነጠፍን በእግራችን ረገጥነው። ሁለት ሳምንት ረገጥን። አንዱን ሽፋን ሳንጨርስ ሌላውን እንድጀምር አይፈቅዱልኝም፤ በተረከዛቸው እየነኩ ያልጠበቀውን ቦታ ያገኙታል። ሁለተኛ ስንሞላው ያዘ። እንዳይደርቅ ብቻ ተጠንቀቅ አሉኝ። የጭቃ ኩሬ አንዴ ደርቆ ከተሰነጠቀ ውሃ ይዞ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን እኔ ጣሊያኖቹ ዘንድ ሥራ ገባሁ። ከወንዙ ወዲህ ለሚሠሩት ቤቶች የሲሚንቶና የቆርቆሮ መጋዘን ጠባቂ ሆንኩ። ከጦርነቱ በፊት አንድ ነጋዴ ቤት ሳገለግል ጣሊያንኛ ለምጄ ስለነበር፣ ጆሜትራ እያልን የምንጠራው መሬት ቀያሹ ወደደኝ። እሱ መካከለኛ ዕድሜ ያለው፣ ለስላሳ ሰው ነበር። አይሳደብም፤ አይማታም። እንጀራ ነው አልኩና ገባሁ። እትዬን ሳማክራቸው፣ የሚበላ ሰው ከየት አመጣህ ተብሎ አይጠየቅም አሉኝ። ደስ እንዳላቸው ወይም እንዳዘኑ አላወቅኩም።

ዓሣውን ለማምጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ወረቀቱን ያስወጣሁት እኔ ነኝ፣ በጆሜትራው በኩል። እትዬ እስከ ሞጆ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በእግርና በበቅሎ ሄደው ከሃያ ዓመት በላይ ያላዩትን አገራቸውን አዩ። በሁለት ሳምንታቸው ተመለሱ። ለገሃር ልቀበላቸው ሄጄ ሳለ፣ በርጥብ ጆንያ የተጠቀለሉ ሁለት እንስራዎች አቅፈው ወረዱ። አንድ ወታደር የጦር መሣሪያ መስሎት እጁን እስከ ክርኑ እንስራው ውስጥ ከተተና፣ ዓሣ ሲነካው ጮኾ አወጣው። ጓደኞቹ ሳቁበት። እትዬ ወደ እንስራው ብቻ ነበር የሚያዩት።

በየወንዙ ውሃ እየቀየሩላቸው ከመጡት አርባ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩቶች በሕይወት የደረሱት አሥራ አንዱ ናቸው። ቤት እንደገባን እኔ ልገለብጣቸው ስል እጄን ያዙኝ። እንስራዎቹን እስከ አንገታቸው ኩሬው ውስጥ አስቀምጠው፣ ውሃው ከውሃው ጋር እስኪላመድ ግማሽ ቀን ጠበቁ። ከዚያ አንድ በአንድ በእጃቸው መዳፍ ለቀቋቸው። ከሐይቁ ያመጡትን የደንገል ሥርም በጠርዙ ተከሉት።

የኅዳር ውርጭ ሲመጣ ኩሬውን ማታ ማታ በሰሌን ይሸፍኑት ነበር። ሁለቱ ሞቱ፤ ዘጠኙ ቀሩ። የጠላ አተላ በጥቂቱ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ክንፍ ያወጣ ምስጥ እየለቀሙ ያበሏቸዋል። በሚያዝያ አንድ ቀን በአጥር ጠሩኝና ዝም ብለህ እይ አሉኝ። አንዲት ዓሣ ጠርዙ ላይ ቆማለች፤ ዙሪያዋን እንደ ጤፍ የደቀቁ ልጆች ይርመሰመሳሉ። ጥላዬ ውሃው ላይ ሲያርፍ አፏን ከፈተች፤ ሁሉም እየተጋፉ ገቡ። ዘጋችና ወደ ጥልቁ ወረደች። እትዬ ሳቁ። ከጋሽ ወልዴ ሞት ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስት ሰው ቆሞ ሲያወራ አድማ ነው በሚባልበት ዘመን፣ የመንደሩ ሰው ከሥራ መልስ እዚያ ኩሬ ዳር መጥቶ ይቀመጥ ነበር። ብዙ አይወራም። ባሏን ያጣችውም፣ ልጁን ያጣውም ውሃውን አይቶ ይሄዳል።

እኔ ግን አፌ አላረፈም። አንድ ቀን ጆሜትራው የናንተ ሰዎች ግንብ እንጂ ውሃ ማቆር አያውቁም ሲል ተናደድኩ። ጎረቤቴ የሆነች ሴት ያለ አንድ ማንኪያ ሲሚንቶ ያቆመችው ኩሬ አለ፣ ዓሣ ይራባበታል ብዬ ነገርኩት። አላመነም። በማግስቱ ይዤው መጣሁ።

ዙሪያውን ዞረ፣ ቁጢጥ ብሎ ጭቃውን ነካ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። ማን እንዳስተማራቸው በኔ በኩል ጠየቃቸው። ሐይቅ ዳር ነው የተወለድኩት አሉ፣ በቃ። እሱ አደነቀ፤ እኔ እንደ ሙሽራ አባት ኮራሁ። ሲሄድ እትዬ ሁለተኛ ሰው እንዳታመጣብኝ አሉኝ። ደግ ሰው እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። እጃቸውን አይተው ወደ ማድቤታቸው ገቡ።

ከጥቂት ወር በኋላ ቀይ ጫፍ ያላቸው ችካሎች በየግቢያችን ተተከሉ። ሰፈሩ ለጣሊያን ሹማምንት መኖሪያ ስለሚሆን የአገሩ ሰው በሙሉ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲሱ ገበያ በኩል እንዲሄድ ታዘዘ። የተመዘገበ እዚያ ምሪት ቦታ ይሰጠዋል ተባለ። እኔ በመጋዘኑ ግቢ ክፍል ስለነበረኝ ለራሴ አልሠጋሁም። ጆሜትራው ዘንድ ሄጄ ስለ እትዬ አስካለ ለመንኩት። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ኩሬው አይነካም አለኝ።

እየሮጥኩ ሄድኩ። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ነበር። «እትዬ፣ ደስ ይበልዎ» አልኩ ሁሉም እየሰማ፤ «የእርስዎ ግቢ አይነካም!»

እሱ ያለኝ ኩሬው ነው። እኔ ግቢው አልኩ። በዚያች ሰዓት ልዩነቱ አልታየኝም። ይልቅ በሰው ፊት ያንን ያህል ኃይል ያለኝ ሰው መሆኔ ነው የታየኝ።

ሌሎቹ ተመዘገቡ። በራቸውን፣ ምሰሶአቸውን፣ ቆርቆሮ ያለውም ቆርቆሮውን እየነቀለ ሄደ። እትዬ በኔ ቃል ተማምነው አልተመዘገቡም። ክረምቱ ሲወጣ አንድ ወታደር ወረቀት ይዞ መጣ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ግቢውን ይልቀቁ የሚል ነበር። ጆሜትራው ዘንድ ስበር እሱ ራሱ ተገረመ። ኩሬው አይነካም አልኩህ እንጂ ሴትዮዋ አልኩህ ወይ አለኝ። ኩሬው ለሚሠራው ቤት የአትክልቱ ጌጥ ሆኖ በፕላኑ ገብቷል፤ ከዚያ መንደር በፕላን የተረፈ ሌላ ነገር የለም። ምሪት ወደሚሰጥበት ቢሮ ሮጥኩ። ምዝገባው ተዘግቷል አሉኝ።

ጆሜትራው አዘነልኝ። ኩሬውን የሚንከባከብ ሰው ስለሚያስፈልግ ሴትዮዋ በሠራተኛነት ትቀጠር አለ። ይህንንም መልእክት ይዤ የሄድኩት እኔው ነኝ። እትዬ ረጅም ጊዜ እጃቸውን አዩ። ከዚያ እሺ አሉ። እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር፤ እንዲያውም እምቢ ቢሉ ይቀለኝ ነበር።

ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አንድ ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ጠዋት ጠዋት ከዚያ እየመጡ በጓሮ በር ወደ ገዛ ግቢያቸው ይገቡ ጀመር። ማድቤታቸው ፈርሶ ባለ ቀይ ጣራ ቪላ ቆሟል። የቤቱ እመቤት ወጣት ጣሊያናዊት ነበረች፤ ክፉ አልነበረችም ይላል የቤቱ ወጥ ሠሪ። የተረፈ ዳቦ ትሰጣቸው ነበር። ስማቸውን ግን ጠይቃ አታውቅም። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲህ ኖሩ። እኔ በመጋዘኑ በር ሲያልፉ ባየኋቸው ቁጥር እንደምን አደሩ እላለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ይሉኛል። ከዚያ የበለጠ አልተነጋገርንም።

እመቤቲቱ በኋላ ከአገሯ ቀይ ዓሣ አስመጣች። ጥቁሮቹ አስቀያሚ ስለሆኑ እንዲወጡ፣ ኩሬውም ደርቆ እንዲታጠብ አዘዘች። የዚያን ቀን እንግዳ ስለነበረባት ዓሣዎቹ ተጠብሰው ይቅረቡ አለች። ሠላሳ ያህል ደርሰው ነበር። ወጥ ሠሪው እንደነገረኝ፣ እትዬ ውሃው ውስጥ ገብተው አንድ በአንድ በእጃቸው ያዟቸው። እኔ ላጽዳቸው ቢላቸው አልሰጡትም። ራሳቸው አጸዱ፣ ራሳቸው ጠበሱ፣ ሳህኑን አንስተው ለሱ ከሰጡት በኋላ እጃቸውን ታጥበው ሄዱ።

ኩሬው በበጋ ፀሐይ ለአራት ቀን ደርቆ ሰነበተ። እዚያ ቤት እንዳይደርቅ ብሎ ሊያስጠነቅቅ የሚችል ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ አላስጠነቀቁም። ጭቃው ተሰነጣጠቀ። መልሰው ሲሞሉት ጠዋት ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ቀዮቹ ዓሣዎች ባልዲ ውስጥ ቀሩ። እመቤቲቱ ጆሜትራውን ጠራች፤ ጆሜትራው እኔን ጠራኝ። አንተ ታውቀዋለህ፣ ሲሚንቶ ይዘህ ሂድ አለኝ።

አላውቅበትም ማለት እችል ነበር። አመመኝ ማለትም ይቻል ነበር። ሲሚንቶውን ይዤ ሄድኩ።

በሁለተኛው ቀን ኩሬው ውስጥ ቆሜ ስለስን እትዬ በጓሮ በር ገቡ። የመጡት ዶማቸውን ሊወስዱ ነው። ቀና ስል ጠርዙ ላይ ቆመው ያዩኛል። ታዝዤ ነው እትዬ አልኳቸው። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም፤ ስድብ ይሆናል፣ ልቅሶ ይሆናል። በጣታቸው የደንገሉን ሥር አመለከቱኝ።

«እዚያ ጋ ነው ሁልጊዜ የሚያፈሰው» አሉ። «እሱን ጠበቅ አድርገህ ለስነው።»

ዶማቸውን ተሸክመው ወጡ። ወደዚያ ቤት አልተመለሱም። እኔም እንዳሉት እዚያ ጋ ጠበቅ አድርጌ ለሰንኩት።

ነፃነት ሲመለስ ጆሜትራውም እመቤቲቱም ሄዱ። ቤቱ የጠላት ንብረት ተብሎ ታሸገ፤ ከዚያ ለአንድ ባለ ማዕረግ የኛ ሰው ተሰጠ። እትዬ ቦታው የኔ ነው ብለው አቤት አሉ። ወረቀታቸው በየካቲት ስለነደደ ዳኛው ቦታው የርሳቸው እንደነበር የሚያውቁ ሁለት ምስክሮች ያቅርቡ አላቸው። የቀድሞው መንደር ሰው ተበታትኗል። አንድ ሽማግሌ ቄስ ተገኙ። ሁለተኛው ምስክር እኔ ነበርኩ።

የምኖርበት ድረስ መጡ። የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው፣ ውሃ እንኳ አልፈልግም ብለው፣ ለዓርብ ቀጠሮ እንድመጣላቸው ለመኑኝ። ሲለምኑ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ማንንም ሲለምኑ አይቻቸው አላውቅም። እሺ አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

ያኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊነት ከገባሁ ገና ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። ከጣሊያን ጋር የሠራ ሰው ሁሉ ባንዳ እየተባለ የሚጠቆምበት ጊዜ ነው። ዓርብ ጠዋት ልብሴን ለውጬ ወጣሁ። ፍርድ ቤቱ በር ጋ ስደርስ ቤቱ የተሰጠውን ሹም ሰዎች አየኋቸው፤ ከመካከላቸው የመሥሪያ ቤቴ አለቃ ቆሟል። ለካ የሹሙ ወዳጅ ኖሯል። ኩሬውን በምን ታውቀዋለህ፣ ሲሚንቶውን ማን ሰጠህ ቢሉኝ የምመልሰውን በልቤ አሰላሁ። እትዬ ከቄሱ አጠገብ ቆመው ወደ መንገዱ ያያሉ። ሳያዩኝ ዞሬ ተመለስኩ። ሁለተኛ ምስክር ስላልቀረበ አቤቱታው ተሰረዘ።

በሳምንቱ ቂርቆስ ሄድኩ፤ ታምሜ ነው ልላቸው። አልኳቸውም። በክፍላቸው ውስጥ ዕቃ እየጠቀለሉ ነበር። የያዙትን አስቀምጠው እጃቸውን አዩ።

«አንተ ክፉ ሰው አይደለህም፣ ታደሰ» አሉኝ። «ክፉ ብትሆን ኖሮ ገና ድሮ እጠነቀቅህ ነበር።»

ከዚያ ወደ ጥቅላቸው ተመለሱ። እኔም ወጣሁ። በማግስቱ በጠዋቱ ባቡር መሄዳቸውን የነገረችኝ አከራያቸው ናት።

እኔ በዚያው መሥሪያ ቤት አረጀሁ። አለቃዬ ወደደኝ፣ አሳደገኝ። በአንድ እንቁጣጣሽ ደግሞ እዚያ ሹም ቤት ለምሳ ይዞኝ ሄደ። ከምሳ በኋላ ወንበር ወጥቶልን ኩሬው ዳር ተቀመጥን። ቀይ ዓሣዎች ይመላለሱበታል። ሹሙ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ይኸ ኩሬ አንድ ቀን ጠብታ አፍስሶ እንደማያውቅ፣ እንዲህ ያለ እጅ ያለው ማን እንደሆነ ቢያውቅ ደስ እንደሚለው ተናገረ።

«ጣሊያን ነዋ» አለ አለቃዬ፤ ወደኔም ዞሮ፣ «አይደለም እንዴ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ። «ጣሊያን ነው የሠራው።»